ግዴታው ሳይጻፍ የፖስታ ቤቱ ባለቤት አይለወጥ

ለ፦ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ለፖስታ ቤት ሠራተኞች፣ ለፖስታ ሣጥን ተከራዮችና ለሕዝቡ በሙሉ

ጉዳዩ፦ የፖስታ አገልግሎት በሕዝብ እጅ እንዲቆይና ግዴታው በአዋጅ እንዲደነገግ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

የመንግሥት ድርጅቶች ባለቤትነት እየተለወጠ ባለበት ወቅት ይህን ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ። ድርጅቶቹን ወደ ግል ለማዛወር የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1206/2012 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ብዙዎቹ ትላልቅ የመንግሥት ኩባንያዎች በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ተሰብስበው በትርፍና ኪሳራ መመዘን ጀምረዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከአክሲዮኖቹ 10 በመቶውን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር፣ ለሽያጭ አቅርቧል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ፖስታ ቤት አንስቶ የሚከራከር ሰው ብዙም አልሰማሁም። ዝምታው ግን ሊያዘናጋን አይገባም። ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን ፖስታ ቤቱም ደጃፍ ይደርሳል። የጨረታ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ከቁጭት አያልፍምና አሁን ልጽፍ ወስኛለሁ።

ምክንያቴን ከመዘርዘሬ በፊት ጥያቄዬን በአጭሩ ላስቀምጠው። ፖስታ ቤቱ በሕዝብ ባለቤትነት እንዲቆይ እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለማን፣ እስከ የት፣ በስንት ብርና በስንት ቀን ማድረስ እንዳለበት እናንተ በአዋጅ እንድትደነግጉት እጠይቃለሁ። ግዴታው በሕግ ካልተጻፈ፣ ፖስታ ቤቱ በመንግሥት እጅ ቢቆይም ለገጠሩ ሰው የሚፈይደው ነገር ትንሽ ነው። ግዴታው ሳይጻፍ ከተሸጠ ደግሞ ገዢውን የምንጠይቅበት አንዳች ነገር አይኖረንም።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው በሕገ መንግሥቱ የእናንተ ሥራ ስለሆነ ነው። አንቀጽ 51 የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎትን ማስፋፋት፣ ማስተዳደርና መቆጣጠር የፌዴራሉ መንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል። አንቀጽ 55 በዚሁ ጉዳይ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለእናንተ ሰጥቷል። አንቀጽ 26 ሰው በፖስታ የሚጻጻፈው ደብዳቤ እንዳይደፈር ይጠብቃል። አንቀጽ 41 ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ በሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት ዜጎች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አራቱ አንቀጾች አንድ ላይ ሲነበቡ ፖስታ ከሌላው የንግድ ሥራ ሁሉ የተለየ ቦታ እንደተሰጠው ያሳያሉ። ስኳር ወይም ሲሚንቶ እንዲህ ያለ ቦታ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለውም።

ቦታው እንዲሁ የተገኘ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የኢትዮጵያን ፖስታ ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ዓድዋ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር፤ የባቡሩ ሐዲድም ድሬዳዋ አልደረሰም። በማግሥቱ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱን ምስልና የይሁዳን አንበሳ የያዙ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው ሥራ ላይ ዋሉ። ሆኖም ኢትዮጵያ ያኔ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ቴምብሯ ከድንበሯ ውጭ ዋጋ አልነበረውም። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ደብዳቤ ከኢትዮጵያው ቴምብር ጎን የፈረንሳይ ግዛት የነበረችውን የጅቡቲን ቴምብር መለጠፍ ነበረበት። ፈረንሳዮች በገዛ አገራችን ከተሞች የራሳቸውን ፖስታ ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር። ይህ ያበቃው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል ስትሆን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቴምብር የተላከ ደብዳቤ ለንደንም ቶኪዮም ያለ ሌላ ደጋፊ ደረሰ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲገባደድ ይኸው ኅብረት ልዩ ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ አካሂዷል። ሉዓላዊነት የሚባለው ነገር በጦር ሜዳ ብቻ አልተገኘም፤ በፖስታ ቤት መስኮትም ተገኝቷል።

ታሪክ ግን ብቻውን ደመወዝ አይከፍልም፤ የቅርንጫፍ ቤት ጣሪያም አያድስም። ፖስታ ቤቱ ይሸጥ የሚሉት ወገኖች የሚያነሱት ክርክር በቁም ነገር መታየት አለበት። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ተመናምኗል፤ የሰላምታው ደብዳቤ ወደ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ሄዷል። በፖስታ ሐዋላ ይላክ የነበረው ገንዘብ ወደ ባንክና ወደ ቴሌብር ዞሯል። ፈጣን መልእክት የሚያደርሱ የግል ድርጅቶች በትላልቅ ከተሞች በደንብ ይሠራሉ። እነዚህ ወገኖች ‹‹ለምን መንግሥት ገንዘቡን እዚህ ያፈሳል? ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ቢያውለው አይሻልም?›› ይላሉ። ‹‹የመንግሥት ሠራተኛ ሰዓት ቆጥሮ ይሄዳል እንጂ ደንበኛ አያስተናግድም›› የሚሉም አሉ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

እውነት ያለበትን ልቀበል። የኢትዮጵያ ፖስታ ቤት ከተቋቋመ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ዛሬም ደብዳቤን በአብዛኛው ወደ ቤት አያደርስም፤ ወደ ፖስታ ሣጥን ነው የሚያደርሰው። ሣጥን የሌለው ሰው የጎረቤት፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሣጥን ቁጥር ተውሶ ይኖራል፤ ይህም የሌለው ከነጭራሹ የለም። በከተሞቻችን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በቅጡ ስለማይታወቅ አድራሻ የሚነገረው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከመስጊዱ ፊት ለፊት፣ ከታክሲ ተራው ከፍ ብሎ እየተባለ ነው። ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ አስቸኳይ ሰነድ መላክ የፈለገ ሰው አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዶ ለሹፌር ወይም ለረዳት ይሰጣል፤ ስልክ ቁጥር በፖስታው ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ይጸልያል። ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት ውክልና የሚልክ ወገን ሰነዱን ለመንገደኛ በእጅ ማስያዝን ይመርጣል። ሰው በዚህ መንገድ ሲሠራ ፖስታ ቤቱን ንቆት ሳይሆን አጥቶት ነው።

እዚህ ላይ ግን ክርክሩ መዞር አለበት። ያለው አገልግሎት ደካማ መሆኑ አገልግሎቱ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በአውቶቡስ ረዳት እጅ የሚጓዘው እያንዳንዱ የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ፣ የመድኃኒት እሽግ ሰው የሚታመን ፖስታ እንደሚፈልግ ይመሰክራል። ሰነዱ ቢጠፋ ማንም አይጠየቅም፤ ደረሰኝ የለም፤ ካሣ የለም፤ ምስጢሩም በአንቀጽ 26 የተጠበቀ መሆኑን ረዳቱ አያውቅም። ጥያቄው ይህን ፍላጎት ማን ቢያሟላው ይሻላል የሚል ነው።

ፖስታን ፖስታ ያደረገው አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ። በ1840 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ በሮላንድ ሂል ሐሳብ መነሻነት አንድ ፔኒ የሚያወጣ ቴምብር የተለጠፈበት ቀላል ደብዳቤ በአገሪቱ ውስጥ የትም ይድረስ የሚል ሥርዓት ዘረጋች። ርቀቱ ዋጋውን አልለወጠውም። ከከተማ ወደ ከተማ የሚላከው ደብዳቤ ትርፍ ወደ ሩቁ መንደር የሚሄደውን ደብዳቤ ኪሳራ ይሸፍናል ማለት ነው። ይህን ሐሳብ በኋላ ብዙ የዓለም አገሮች ተቀበሉት፤ ፖስታቸው የሚሠራው በዚህ ስሌት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚላክ እሽግ ያዋጣል፤ ወደ ጎዴ፣ ወደ ጂንካ፣ ወደ መተማ ወይም ወደ አሶሳ የሚላከው በብዙ አያዋጣም። ለትርፍ የቆመ ድርጅት ሁለቱን በአንድ ዋጋ እንዲያደርስ የሚያስገድደው ሕግ ከሌለ አዳማን ይዞ ጎዴን ይተዋል። ይህን ቢያደርግ ልንወቅሰው አንችልም፤ የባለአክሲዮኖቹን ገንዘብ መጠበቅ ሥራው ነውና። ተወቃሹ ሕጉን ሳይጽፍ የሸጠው ነው።

ከእኛ የቀደሙትን አገሮች እንይ። ብሪታንያ ሮያል ሜይልን ለመሸጥ በ2011 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች። በማግሥቱ ዓመት የድርጅቱን የቆየ የጡረታ ዕዳ መንግሥት ተሸከመ። ኦክቶበር 2013 እ.ኤ.አ. አክሲዮኑ በ330 ፔንስ ተሸጠ፤ በመጀመሪያው የገበያ ቀን መዝጊያ ላይ 455 ፔንስ ደረሰ። ልዩነቱ ሕዝቡ ሊያገኘው ሲገባ በገዢዎች ኪስ የገባ ነው። ዕዳው ለሕዝብ፣ ትርፉ ለገዢ ሆነ ማለት ነው። የቀረውን የመንግሥት ድርሻ በ2015 እ.ኤ.አ. ሸጠው ጨረሱ። አንደኛ ደረጃ ቴምብር በሽያጩ ዓመት 60 ፔንስ ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. 1 ፓውንድ ከ70 ሆነ። ከአንደኛ ደረጃ ደብዳቤ 93 በመቶው በማግሥቱ እንዲደርስ ግብ ተቀምጦ ሳለ በ2023/24 የደረሰው 75 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በዲሴምበር 2024 የ10.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣለበት። ከዚያም ድርጅቱ በዳንኤል ክሬቲንስኪ ለሚመራ የቼክ ኩባንያ በ3.6 ቢሊዮን ፓውንድ ተላለፈ። የሁለተኛ ደረጃ ደብዳቤም ከጁላይ 2025 ጀምሮ በየዕለቱ መታደሉ ቀርቶ በየሁለት የሥራ ቀኑ ሆነ። የደብዳቤ ቁጥር መቀነሱ ለዚህ አስተዋጽኦ አለው፤ ሁሉንም በሽያጩ ላይ መደፍደፍ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ያ ሁሉ የሆነው በሕግ የተጻፈ ግዴታ፣ ቤት ለቤት የሚታወቅ አድራሻና ጥርስ ያለው ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ነው። ሦስቱም ባልተሟሉበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

አርጀንቲና በ1997 እ.ኤ.አ. ፖስታዋን ለግል ባለሀብት ቡድን በረጅም ዘመን ኮንሴሽን ሰጠች። ኮንሴሽኑን የያዘው ድርጅት ለመንግሥት ሊከፍል የተዋዋለውን ዓመታዊ ክፍያ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ መክፈል አቆመ፤ ዕዳ ውስጥ ገባ። በ2003 እ.ኤ.አ. መንግሥት ውሉን ሰርዞ ፖስታውን መልሶ ተረከበ። ከዚያ በኋላ የዕዳው ክርክር በፍርድ ቤት ለብዙ ዓመታት ተጓተተ።

ጀርመንን እንደ መከራከሪያ የሚያመጡ ሰዎች ትክክል ናቸው፤ የተሳካ ነው። ዶይቸ ፖስት ዲኤችኤልን ጠቅልሎ ከዓለም ትልልቅ የጥቅል አመላላሾች አንዱ ሆኗል። ይሁንና ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ጀርመን በ1994 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ ሕጓ አንቀጽ 87ኤፍን ጨምራ የፖስታ አገልግሎት በመላ አገሪቱ በበቂ ሁኔታ እንዲዳረስ የፌዴራሉን መንግሥት ግዴታ አደረገች። በ1995 ድርጅቱን አክሲዮን ማኅበር አደረገችው። አክሲዮኑ ለገበያ የቀረበው በ2000 መጨረሻ ነው። በመንግሥት ደንብ የተወሰነው ቢያንስ 12,000 የአገልግሎት ጣቢያ ይኑር የሚለው ግዴታም አብሮ ቆመ። መጀመሪያ ግዴታ፣ ቀጥሎ ኩባንያ፣ በመጨረሻ ገበያ። ጀርመንን ምሳሌ ማድረግ የሚፈልግ ሁሉ ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ይጀምር።

በመንግሥት እጅ መቆየት ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ሁለት አገሮች ያስተምሩናል። የደቡብ አፍሪካ ፖስታ ቤት የመንግሥት ነው፤ ነገር ግን ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ በ2023 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ሥር ወደ ማዳኛ አስተዳደር ገባ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ተዘጉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተቀነሱ። በዴንማርክ ደግሞ ደብዳቤ ያደርስ የነበረው ፖስትኖርድ የስዊድንና የዴንማርክ መንግሥታት ንብረት ነው። የዴንማርክ ሕግ ግን የማድረስ ግዴታውን በ2024 እ.ኤ.አ. አነሳለት። ድርጅቱም በዲሴምበር 2025 መጨረሻ በዴንማርክ ከ400 ዓመት በኋላ ደብዳቤ ማደሉን አቆመ፤ ቀያዮቹን የመንገድ ላይ ሣጥኖች ነቀለ። ዴንማርክ ዜጎቿ ከመንግሥት ጋር የሚጻጻፉት በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ከ2014 ጀምራ ያስገደደች አገር ስለሆነች ልትችለው ትችላለች። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ሳይለወጥ ግዴታው ሲነሳ አገልግሎቱ ይጠፋል።

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ ከሽያጩ ይልቅ የበለጠ የሚያሳስበኝ ማንም ሳይወስነው የሚሆነው ነገር ነው። የመንግሥት ድርጅት በትርፍ ብቻ እንዲመዘን ከተደረገና ግዴታው በሕግ ካልተጻፈ፣ ሥራ አስኪያጁ ምንም ቅን ሰው ቢሆን የሚያደርገው ይታወቃል። ገቢ የማያስገባውን የወረዳ ቅርንጫፍ ሰዓት ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ሠራተኛ ያነሳል፤ ቀጥሎ ለጊዜው ይዘጋዋል። በከተማ መሀል ያለውን ሕንፃ ምድር ቤት ለባንክና ለካፌ ያከራያል። ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርቱ ትርፍ ያሳያል፤ ይጨበጨብለታል። በዚያው ዓመት ግን በወረዳው የሚኖሩ ሰዎች ከፖስታ ካርታ ወጥተዋል። ይህ ወደ ግል ማዛወር ነው፤ ልዩነቱ ክርክርና ድምፅ ሳይሰጥበት መከናወኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ለመንግሥት ባለቤትነት የሚደረግ ጥብቅና ብቻ ተደርጎ እንዳይታይብኝ አደራ እላለሁ።

ሕንፃዎቹን ካነሳሁ አይቀር ስለ እነሱ አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና የሚገኘው ዋናው ፖስታ ቤትና በየክፍለ ሀገሩ ዋና ዋና ከተሞች መሀል የቆሙት ቅርንጫፎች ዛሬ ባለሀብት ሁሉ የሚመኘው ቦታ ላይ ናቸው። ለገዢ ዓይን ደብዳቤው ዋጋ ላይኖረው ይችላል፤ መሬቱ ግን አለው። ለንደን ውስጥ ማውንት ፕለዛንት የሚባለው የሮያል ሜይል ሰፊ ይዞታ ከሽያጩ በኋላ ለመኖሪያ ቤት አልሚ ተላልፏል። እኛም ፖስታ ቤት የሸጥን መስሎን መሬት እንዳንሸጥ መጠንቀቅ ይኖርብናል። ከዋናው ፖስታ ቤት ጋር አብሮ ያለው የቴምብር ሙዚየምም ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታተሙትን ቴምብሮች የያዘ የአገር ቅርስ ነው፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ተራ ንብረት ሊመዘገብ አይገባውም።

አሁን ወደሚያስደስተው ጉዳይ ልምጣ። ደብዳቤ ቢቀንስም በየከተማው ያለ መስኮት፣ የታመነ ሠራተኛና በየቀኑ የሚንቀሳቀስ መኪና ያለው ተቋም በዚህ ዘመን ዋጋው እየጨመረ ነው። ሕንድ ከ160,000 በላይ ፖስታ ቤቶች አሏት፤ ከአሥሩ ዘጠኙ በገጠር ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የፖስታ ክፍያ ባንክ በመላ አገሪቱ ሥራ አስጀምራ ፖስተኛው የገበሬውን ድጎማ በደጃፉ እንዲከፍል አድርጋለች። ጎረቤታችን ኬንያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዜጎችን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጠውን ሁዱማ ማዕከል ስትከፍት ብዙዎቹን በፖስታ ቤት ሕንፃዎች ውስጥ ነው ያደራጀችው። እኛም በ2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለውን የአንድ ማዕከል አገልግሎት ጀምረናል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ወደ ወረዳ ሲወርድ ግን ቤት፣ ሠራተኛና መጓጓዣ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በፖስታ ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ፤ አዲስ መሥራት አያስፈልግም።

ከፖስታ ቤት መስኮት ምን ሊሰጥ እንደሚችል አስቡት። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ ለማረጋገጥ የሚላክ ሰነድ፣ ከውጭ የሚመጣ ውክልና፣ የጡረታ ጉዳይ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ በታመነ ደረሰኝ። ዛሬ መጥሪያ ለተከሳሽ አልደረሰም ተብሎ ስንት መዝገብ ቀጠሮ እየተለወጠለት እንደሚጓተት ዳኞችና ጠበቆች ያውቁታል። በሌላ በኩል የዶርዜ ሸማኔ ጋቢውን፣ የሸካ ንብ አንቢ ማሩን፣ የሐረር ቡና አቅራቢ ናሙናውን በኢንተርኔት ላገኘው ገዢ መላክ ቢፈልግ በስልኩ መሸጥ ይችላል፤ ገንዘቡንም በስልኩ መቀበል ይችላል፤ ዕቃውን ግን በስልኩ መላክ አይችልም። የኢንተርኔት ንግድ በየወሩ እያደገ ነው እያልን የምናወራው ከአዲስ አበባ ከወጣ የሚያደርሰው ከሌለ ግማሽ ንግድ ነው። የግል አመላላሾች አዲስ አበባንና ጥቂት ከተሞችን ያገለግላሉ፤ የቀረውን አገር የሚያገናኘው ፖስታ ቤቱ ካልሆነ ማንም አይሆንም።

ይህን ሁሉ መነሻ አድርጌ ከምክር ቤቱ የምጠይቃቸው ስድስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ የፖስታ ሁለንተናዊ አገልግሎት አዋጅ አውጡልን። አዋጁ በየወረዳው ዋና ከተማ ቢያንስ አንድ የፖስታ አገልግሎት መስጫ እንዲኖር፣ ደብዳቤና አነስተኛ ጥቅል በመላ አገሪቱ በአንድ ዋጋ እንዲሄድ፣ የአደራ ደብዳቤ በስንት ቀን እንደሚደርስና ቢጠፋ ስንት ካሣ እንደሚከፈል በግልጽ ይደንግግ። የደብዳቤ ምስጢራዊነት በሥራ ላይ እንዴት እንደሚጠበቅም ይጻፍበት።

ሁለተኛ፣ የግዴታው ወጪ ይታወቅ፤ ይከፈልም። ፖስታ ቤቱ የሚያተርፍበትንና ለሕዝብ ሲል የሚከስርበትን ሥራ በተለያየ ሒሳብ ይያዝ። ለሕዝብ ሲል የሚከስርበት ክፍል ከበጀት ይሸፈንለት፤ ሪፖርቱም በየዓመቱ ለእናንተ ቀርቦ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ግዴታ ጭኖ ገንዘብ መንፈግ ተቋሙን ለኪሳራ፣ ቀጥሎም ለጨረታ ማዘጋጀት ነው።

ሦስተኛ፣ የጥቅልና የፈጣን መልእክት ገበያው ለውድድር ክፍት ይሁን። በውድድር አምናለሁ፤ ፖስታ ቤቱን ከእንቅልፉ የሚያነቃው እሱ ነው። ሆኖም በሚያዋጣው መስመር ብቻ የሚሠሩ ፈቃድ የተሰጣቸው ድርጅቶች ከገቢያቸው ጥቂቱን ለሩቁ አገልግሎት ማስፈጸሚያ ያዋጡ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከቴሌኮም ጋር የፖስታውንም ዘርፍ እንዲቆጣጠር ኃላፊነት ተሰጥቶታል፤ ለፖስታው የሚሆን በቂ ባለሙያና አቅም ይሰጠው።

አራተኛ፣ የፖስታ ቤት ሕንፃዎችና ይዞታዎች ምክር ቤቱ ሳያውቅና ሳይፈቅድ እንዳይሸጡ፣ በረጅም ዘመን ኪራይም እንዳይተላለፉ ሕግ ይከልክል። የቴምብር ስብስቡና ሙዚየሙ በቅርስነት ይመዝገቡ።

አምስተኛ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለዜጎች የሚልኩትንና ከዜጎች የሚቀበሉትን ሰነድ በፖስታ ቤት በኩል እንዲያደርጉ ይታዘዝ። ከዚህ ጋር የአገር አቀፍ የአድራሻ ሥርዓት ሥራ በጊዜ ገደብ ይጀመር። መንግሥት ራሱ የማይጠቀምበትን አገልግሎት ሕዝቡ እንዲጠቀምበት መጠበቅ አይችልም።

ስድስተኛ፣ ማንኛውም የአክሲዮን ሽያጭ ሐሳብ የሚነሳው አዋጁ ቢያንስ ለአምስት ዓመት በሥራ ላይ ውሎ ውጤቱ በዋናው ኦዲተር ከተመረመረ በኋላ ይሁን። ያኔም ቢሆን አብላጫው ድርሻ ከሕዝብ እጅ አይውጣ።

ለፖስታ ቤት ሠራተኞች የምለውም አለኝ። እናንተ በትንሽ ደመወዝ የሰው አደራ ስትጠብቁ የኖራችሁ ናችሁ። የምጠይቀው ሕግ ሲወጣ ግን ከእናንተም የሚጠበቀው ይጨምራል። ቀኑ በሕግ የተወሰነ ደብዳቤ ሲዘገይ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል፤ መስኮቱ በሰዓቱ ሳይከፈት ሲቀር የሚመዘግብ ተቆጣጣሪ ይኖራል። ይህን እንደ ሸክም ሳይሆን ሙያችሁ እንደተከበረ ምልክት አድርጋችሁ እንደምትወስዱት አምናለሁ። የሠራተኛው ድምፅ በአዋጁ ረቂቅ ላይ እንዲሰማ ማኅበራችሁ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ለሽያጩ ደጋፊዎች ደግሞ፣ የምንለያየው በመድረሻው ላይ አይመስለኝም። እናንተም ጎዴ ያለችው እናት ከልጇ የተላከላትን መድኃኒት በሳምንት ውስጥ እንድታገኝ የምትፈልጉ ናችሁ። ግዴታው በሕግ ተጽፎ፣ ወጪው ተሰልቶ፣ ተቆጣጣሪው ተጠናክሮ ሳለ አንድ የግል ድርጅት ከፖስታ ቤቱ በተሻለ ሊያደርስ እንደሚችል ካስመሰከረ ያኔ ተነጋግረን መወሰን እንችላለን። ያ ቀን እስኪመጣ ግን ዛሬ ያለንን መሸጥ መልሰን ልናገኘው የማንችለውን ነገር መተው ነው። አርጀንቲና ፖስታዋን መልሳ ብትረከበውም በመሀል ያጣችውን ዓመትና ገንዘብ አልተረከበችም።

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ ከመረጣችሁ ሕዝብ አብዛኛው በገጠር የሚኖር ነው። ለዕረፍት ወደ ምርጫ ክልላችሁ ስትወርዱ የወረዳውን ፖስታ ቤት ግቡና ጎብኙት። ካለ ሠራተኛውን ምን እንደሚጎድለው ጠይቁት። ከሌለ ደግሞ የወረዳው ሰው አንድ ሰነድ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ሲልክ በማን እጅ እንደሚልክ ጠይቁ። የምታገኙትን መልስ ይዛችሁ ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ፤ ረቂቁንም በዚያ መልስ ላይ ተነሥታችሁ ጻፉት። ፖስታን ማስፋፋትና መቆጣጠር በሕገ መንግሥቱ የተሰጠ ኃላፊነት ነው፤ ኃላፊነቱን በሕግ ሳትወጡት ለጨረታ እንዳታወጡት እጠይቃችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፖስታ ሣጥን ተከራይ